ባህል ነው ወይስ ውል? ኒንቴንዶና ከውጭ የመጡት ጌም ሠሪዎች

ስለጋበዛችሁኝ አመሰግናለሁ። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራው፤ ወሬያችን የጃፓንና የእንግሊዝ ስለሆነ ወደ እኛ ልመልስ ብል መንገድ ላይ እንጠፋፋለን።

ስኩዌር የሚባል የቶኪዮ ድርጅት ነበር፤ ፋይናል ፋንታሲ የተባሉትን ጌሞች የሠራው። ከ1987 ጀምሮ እስከ ስድስተኛው ድረስ ዋና ዋናዎቹ ክፍሎች ሁሉ መጀመሪያ የወጡት በኒንቴንዶ ማጫወቻ ላይ ነው። የኒንቴንዶ መቀመጫ ኪዮቶ ነው። ሁለቱ ድርጅቶች ቋንቋቸው አንድ፣ የንግድ ደንባቸው አንድ ነው፤ ቢጣሉ እንኳ መሀል ገብቶ የሚያስታርቅ ሰው አያጡም። ሆኖም በ1996 መጀመሪያ ላይ ስኩዌር ሰባተኛውን ክፍል ለሶኒ እንደሚሠራ አስታወቀና ሄደ።

ሬር ደግሞ ትዋይክሮስ በምትባል የእንግሊዝ የገጠር መንደር ይሠራ የነበረ፣ ቲምና ክሪስ ስታምፐር የሚባሉ ሁለት ወንድማማቾች ያቋቋሙት ስቱዲዮ ነው። ለኪዮቶ በቋንቋም በወግም ባዕድ ነው። ይህ ባዕድ ከኒንቴንዶ ጋር አሥራ አምስት ዓመት ያህል አብሮ ዘለቀ።

የኮንሶል (የጌም ማጫወቻ ማሽን) አምራቾችና ከእነሱ ድርጅት ውጭ ያሉ ጌም ሠሪዎች ግንኙነት ሲነሳ መጀመሪያ የሚመዘዘው ቃል «ባህል» ነው። ጃፓኖች ዝምተኞች ናቸው፣ አሜሪካኖች ይቸኩላሉ፣ እንግሊዞች ግትር ናቸው ይባላል። እኔ ዛሬ የምከራከረው ባህል የለም ብዬ አይደለም። ባህል ሥራውን ይለውጠዋል፤ አንዳንዴ ያሳምረዋል፣ አንዳንዴ ያበላሸዋል። ማን ከማን ጋር እንደሚቆይና ማን ጥሎ እንደሚሄድ የሚወስኑት ግን ሌሎች ጥያቄዎች ናቸው፦ ዕቃው ሳይሸጥ ቢቀር ኪሳራው የማን ነው? የተፈጠረው ገጸ ባሕርይስ የማን ሆኖ ይቀራል?

ከመካከላችን ብዙዎቻችሁ ጌም ያወቃችሁት ፕሌይስቴሽን ቤት በደቂቃ እየከፈላችሁ ኳስ ስትጫወቱ እንደሆነ እገምታለሁ። ስለዚህ ኒንቴንዶ ሩቅ ሊመስላችሁ ይችላል። ነገር ግን ዛሬ ሁሉም አምራቾች የሚሠሩበትን ውል፣ ማለትም «በእኔ ማሽን ላይ ለመሸጥ ፈቃዴን ውሰድ፣ ድርሻዬን ክፈል» የሚለውን ሥርዓት ከማንም በላይ ያጠበቀው እሱ ነው።

ያጠበቀበት ምክንያትም ነበረው። በአሜሪካ በ1979 የጌም ማሽን አምራቹ የአታሪ አራት ፕሮግራመሮች፣ ጌሞቻቸው በሚሊዮን ዶላር እየተሸጡ ስማቸው እንኳ ሳይጠቀስ ሲቀር፣ ለቀው አክቲቪዥን የሚባለውን ጌም ሠሪ ድርጅት ካቋቋሙት ሰዎች መካከል ነበሩ። አታሪ ከሰሰ፤ ጉዳዩ በስምምነት ተዘጋ። ከዚያ በኋላ ለአታሪ ማሽን ማንም ተነስቶ ጌም መሥራት ቻለ፤ ማንም ሠራም። በ1983 ገበያው በማይረባ ጌም ተጥለቀለቀና ወደቀ። የኒንቴንዶው ፕሬዚዳንት ሂሮሺ ያማኡቺና የአሜሪካውን ቅርንጫፍ የሚመራው አማቹ ሚኖሩ አራካዋ ከዚህ የተማሩት በር መቆለፍን ነው። ቁልፉም እውነተኛ ቁልፍ ነበር፤ በ1985 አሜሪካ በገባው ማሽን ውስጥና ጌሙን በሚይዘው በእያንዳንዱ ካርትሪጅ ውስጥ እርስ በርስ የሚተዋወቁ ሁለት ቺፖች ተቀመጡ። ካልተዋወቁ ጌሙ አይነሳም።

በሩን ለማለፍ የሚፈረመው ውል ይህን ይመስል ነበር። አንድ ድርጅት በአሜሪካ በዓመት ከአምስት ጌም በላይ ማውጣት አይችልም። ያወጣውን ጌም ለሁለት ዓመት በሌላ ማሽን ላይ መሸጥ አይችልም። ካርትሪጁን የሚያመርተው ኒንቴንዶ ራሱ ነው፤ የሚታዘዘው ቁጥር ከተወሰነ መጠን በታች መሆን የለበትም፤ ክፍያው ደግሞ ቀድሞ ነው። ሳይሸጥ የቀረው ዕቃ ያዘዘው ሰው ዕዳ ነው። የእኩል አራሽ እንኳ ዝናብ ሲጠፋ ጉዳቱን ከባለ መሬቱ ጋር ይካፈላል፤ እዚህ ግን ባለ መሬቱ ድርሻውን የሚቀበለው ገና ሳይዘራ ነው። በ1988 ቺፕ እጥረት ሲመጣ ደግሞ ማን ስንት ካርትሪጅ እንደሚደርሰው የሚደለድለው ያው ኒንቴንዶ ሆነ።

ይህን ውል ሰዎች በየመንገዳቸው ዞሩት። ኮናሚ፣ ራሱ ጃፓናዊ የሆነው፣ አምስቱን ጌም ሲጨርስ «አልትራ» የሚል ሁለተኛ ስም አውጥቶ ሌላ አምስት ጨመረ። ኒንቴንዶ ይህን ፈቀደለት፤ ኮናሚ ጥሩ ሻጭ ነበርና። አታሪ ጌምስ የሚባለው የአሜሪካ ድርጅት ደግሞ ቴንገን በሚለው ስሙ መጀመሪያ ፈቃድ ወስዶ ሠራ፤ ጎን ለጎን ግን የቁልፉን ምስጢር ፍለጋ ገባ። በመጨረሻ ጠበቆቹ የአሜሪካን የቅጂ መብት ቢሮ ሄደው ለክስ ጉዳይ ያስፈልገናል ብለው የኮዱን ግልባጭ አወጡ። ያን ጊዜ ክስ የሚባል ነገር ገና አልነበረም። ነገሩ ፍርድ ቤት ደርሶ በ1992 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ለኒንቴንዶ ያጋደለ ውሳኔ ሰጠ። አሜሪካዊ ከጃፓናዊ ተጋጨ ተብሎ ብዙ ተጽፏል። ለእኔ ግን ኮናሚና ቴንገን የተነሱት አንዱን አንቀጽ ጠልተው ነው። ልዩነታቸው አንዱ በር አንኳኩቶ ሲገባ ሌላው ቁልፍ ማስቀረጹ ነው።

ናምኮን ደግሞ ተመልከቱ። ይህ የጃፓን ድርጅት በ1984 ለፋሚኮም፣ ማለትም ለዚያው የኒንቴንዶ ማሽን የጃፓን ዓይነት፣ ጌም መሥራት ሲጀምር ከኒንቴንዶ ውጭ ካሉት የመጀመሪያዎቹ ጌም ሠሪዎች አንዱ ስለነበር ከሌሎቹ የተሻለ ውል አገኘ። ውሉ ሲያበቃ ያማኡቺ እንደ ማንኛውም ሰው ፈርም አለው። የናምኮው መሥራች ማሳያ ናካሙራ ተቆጣ፤ ቁጣውንም በአደባባይ ተናገረ። የጃፓን ነጋዴ ቅሬታውን በጓዳ ነው የሚጨርሰው የሚባለውን ያን ጊዜ ያስታወሰው አልነበረም። ናምኮ ወደ ተፎካካሪዎቹ ማሽኖች አዘነበለ፤ በታኅሣሥ 1994 የመጀመሪያው ፕሌይስቴሽን ጃፓን ውስጥ ሲወጣ አብሮት የወጣው የመኪና እሽቅድምድም ጌም፣ ሪጅ ሬሰር፣ የናምኮ ነበር።

ፕሌይስቴሽን ራሱ ከውል ጠብ ነው የተወለደው። ሶኒ ለኒንቴንዶ ማሽን የሲዲ ማጫወቻ ሊሠራ ተስማምቶ ነበር። በሰኔ 1991 ቺካጎ በተካሄደው የኤሌክትሮኒክስ ትርዒት ላይ ሶኒ ይህን አስታወቀ፤ በማግሥቱ ኒንቴንዶ ብድግ ብሎ ከሆላንዱ ፊሊፕስ ጋር እንደሚሠራ ተናገረ። አንድ ጃፓናዊ ድርጅት ሌላውን ጃፓናዊ ድርጅት በአሜሪካ አዳራሽ ውስጥ፣ ዓለም እያየ አዋረደው። ምክንያቱ? የቀድሞው ውል በሲዲ የሚወጡትን ጌሞች ፈቃድ የመቆጣጠር ሥልጣን ለሶኒ ይሰጥ ነበር። ኒንቴንዶ ሌላውን ሁሉ ይታገሥ ይሆናል፤ ያቺን ቁልፍ ግን ለማንም አይሰጥም።

የሶኒው ኬን ኩታራጊና ባልደረቦቹ ከዚህ በኋላ ወደ ጌም ሠሪዎቹ ሲሄዱ የተለየ ሒሳብ ይዘው ነው። ሲዲ ለማተም ርካሽ ነው፤ ካለቀም በአጭር ቀናት ይደገማል። ካርትሪጅ ግን ከወራት በፊት ገምተህ የምታዘው ነገር ነው። ሰባተኛው ፋይናል ፋንታሲ በሦስት ሲዲ ነው የወጣው። የኒንቴንዶ 64 ትልቁ ካርትሪጅ 64 ሜጋባይት ሲይዝ አንድ ሲዲ 650 ያህል ይይዛል። ስለዚህ ስኩዌር የሄደበትን ምክንያት ሳስብ ክህደት የሚለው ቃል አይመጣልኝም፤ ሊሠራ ያሰበውን ጌም የሚችለው ማሽን የሌላ ሰው ሆኖ ተገኘ። ያማኡቺ ግን በቀላሉ አልረሳውም። ፋይናል ፋንታሲ የሚል ስም ያለበት አዲስ ጌም በኒንቴንዶ የቴሌቪዥን ማሽን ላይ ዳግም የታየው በ2003 ነው፤ ያማኡቺ ከፕሬዚዳንትነቱ በለቀቀ በዓመቱ።

ሶኒ ከባዕድ ጋር የሠራውም ይጠቀሳል። በ1993 በሊቨርፑል የሚገኘውን ሳይግኖሲስ የተባለ ስቱዲዮ ገዛ። ሶኒ ለጌም ሠሪዎች ያሰበው መሣሪያ የራሱ ትልቅና ውድ ኮምፒውተር ነበር። በሳይግኖሲስ በኩል የመጡ ሁለት እንግሊዛውያን ግን በተራ ፒሲ ላይ የሚሰካ መሣሪያ ሠርተው አሳዩ፤ ቶኪዮም የራሷን ትታ የእነሱን ተቀበለች። ፕሌይስቴሽን በየአገሩ ያን ያህል ጌም ሠሪ ያገኘበት አንዱ ምክንያት ይህ ይመስለኛል። ጠረጴዛው ላይ ያለውን ፒሲ ይዞ መጀመር የሚችል ሰው ብዙ ነው።

እንግዲህ ወደ እንግሊዝ መንደሬ ልመለስ፤ ዋናው ጨዋታ ያለው እዚያ ነው።

የስታምፐር ወንድማማቾች ፋሚኮምን ያገኙት ከኒንቴንዶ ግብዣ ደርሷቸው አይደለም። ማሽኑን ፈተው፣ አሠራሩን ራሳቸው አጥንተው፣ የሠሩትን ይዘው ወደ ኒንቴንዶ ሄዱ። ያለ ፈቃድ የሆነ ነገር ነው። ቴንገንን ፍርድ ቤት ያስቆመው ዓይነት ነገር ይመስላል፤ ልዩነቱ እነዚህ የደረሱበትን ለባለቤቱ ማሳየታቸው ነው። አራካዋ አላባረራቸውም፤ ፈቃድ ሰጣቸው። ሬር በሰማንያዎቹ መጨረሻ ለሌሎች አሳታሚዎች በትዕዛዝ ብዙ ደርዘን ጌም አመረተ። እውነቱን ለመናገር አብዛኛው ዛሬ የሚታወስ አይደለም። ገንዘቡን ግን አልበተኑትም፤ ለፊልም ሥራ የሚውሉትን ውድ የሲሊከን ግራፊክስ ኮምፒውተሮች ገዙበት። የኒንቴንዶ ሰዎች ትዋይክሮስ መጥተው በእነዚያ ማሽኖች የተሠራ የቦክስ ትዕይንት ሲያዩ ከስቱዲዮው ሩቡን ገዙ፤ ኋላም ድርሻቸው 49 በመቶ ደረሰ።

ከዚያም በ1981 ሺጌሩ ሚያሞቶ የፈጠረውን ጎሪላ፣ ዶንኪ ኮንግን፣ ለእነዚህ እንግሊዛውያን አስረከቧቸው። በ1994 የወጣው ዶንኪ ኮንግ ካንትሪ ከዘጠኝ ሚሊዮን በላይ ተሸጠ። አሁን እዚህ ጋ የአክሲዮኑን ነገር ልብ በሉ። ኒንቴንዶ 49 በመቶ ሲይዝ የሬር ኪሳራ የእሱም ኪሳራ ሆነ። ያ «ቀድመህ ክፈል፣ ያልተሸጠው ዕዳህ ነው» የሚለው አንቀጽ በሁለቱ መካከል ትርጉሙን አጣ። ሬር ጌሙን ለማስተካከል ጊዜ ሲያስፈልገው ጊዜ ያገኝ ጀመር።

በ1997 የወጣውን የጄምስ ቦንድ ጌም፣ ጎልደን አይን፣ የሠራው ቡድን መሪ ማርቲን ሆሊስ ነበር፤ አብዛኞቹ የቡድኑ አባላት ከዚያ በፊት ጌም ሠርተው አያውቁም። ሥራው ሊያልቅ ሲል ከሚያሞቶ ፋክስ መጣ። ሆሊስ ከዓመታት በኋላ መድረክ ላይ እንደተናገረው፣ ሚያሞቶ በቅርብ ሆኖ መግደሉ በዝቷል ብሎ አሰበ፤ መጨረሻው ላይ ተጫዋቹ ሆስፒታል ሄዶ የተኮሰባቸውን ጠላቶች ሁሉ እጅ ቢጨብጥስ የሚል ሐሳብም አቀረበ። እንግሊዞቹ አላደረጉትም። ፋክሱን ግን ወደ ቅርጫት አልጣሉትም፤ በመግቢያው ላይ ገጸ ባሕርያቱን እንደ ፊልም ተዋናዮች አንድ በአንድ የሚያስተዋውቅ ክፍል አስገቡ፤ ይህ ሁሉ ትወና ነው፣ የሞተ የለም ለማለት ያህል። ባህል ማለት እንግዲህ ይህ ነው። አንዱ ሰው መተኮስን እንደ ቀልድ ያያል፣ ሌላው ይከብደዋል፤ ከመሀል አንዳቸውም ብቻቸውን ያላሰቡት ነገር ወጣ። ልብ የምትሉት ደግሞ ፋክሱ የመጣው ከጌም ሠሪ ወደ ጌም ሠሪ መሆኑን ነው፤ ከጠበቃ ቢመጣ ሌላ ታሪክ ነበር የማወራችሁ።

በነገራችን ላይ ስለ ደምና ስለ ሃይማኖት ምልክት ጥብቅ የነበረው ኪዮቶ ሳይሆን በዋሽንግተን ግዛት ሬድመንድ ያለው የአሜሪካው ቅርንጫፍ ነበር። ጃፓን ውስጥ ያለፈ መስቀል አሜሪካ ሲደርስ ይሠረዛል። በ1993 ሞርታል ኮምባት የሚባለው የድብድብ ጌም ሲወጣ በኒንቴንዶ ማሽን ላይ ደሙ ግራጫ ላብ ሆነ፤ በተፎካካሪው በሴጋ ማሽን ላይ ግን በምስጢር ኮድ ደሙ ይፈስሳል። ገበያው የትኛውን እንደመረጠ ለመገመት ነቢይ መሆን አያስፈልግም። በሚቀጥለው ዓመት ሁለተኛው ክፍል ከነደሙ ገባ። ያን ጊዜ «የጃፓኖች ቁጥብነት» እየተባለ የተተቸው ነገር በአሜሪካ ቢሮ የተጻፈ ደንብ ነበር።

የሬር መጨረሻ እንደሚታወቀው ነው። በ2002 የስታምፐሮቹ 51 በመቶ ለሽያጭ ሲቀርብ ኒንቴንዶ አልገዛም፤ ይልቁንም የራሱንም ሸጠ። ማይክሮሶፍት በ375 ሚሊዮን ዶላር ሙሉውን ወሰደው። ዶንኪ ኮንግ ግን ኪዮቶ ቀረ። ጎሪላውን ዳግም ያሳደጉት እንግሊዛውያን ነበሩ፤ ስሙ ግን በእነሱ ስም ተጽፎ አያውቅም።

ይህ ይበልጥ የሚያምመው አርጎናት ላይ ነው። ጄዝ ሳን የሚባል የለንደን ወጣት ያቋቋመው ይህ ስቱዲዮ ጌም ቦይ የሚባለውን የኒንቴንዶ የእጅ ማጫወቻ መቆለፊያ አልፎ በዚያች ትንሽ ማሽን ላይ ሦስት ገጽታ ያለው ምስል አንቀሳቀሰ፤ ለኒንቴንዶም አሳየ። ኪዮቶ ጠራቻቸው። ሳንም ከዚህ የተሻለ ከፈለጋችሁ ቺፑን እኛ እንሥራላችሁ አለ፤ ሱፐር ኤፍኤክስ የተባለው ቺፕ በዚህ መንገድ መጣ። ዲላን ካትበርትና ጃይልስ ጎዳርድ፣ ገና ልጅ እግር እያሉ፣ ኪዮቶ ሄደው ከሚያሞቶ ቡድን ጋር ተቀምጠው ስታር ፎክስን ሠሩ። በ1993 ወጣ፤ ተወደደ። ሁለተኛው ክፍልም ተሠርቶ አለቀ፤ አዲሱ ማሽን እየመጣ ነው ተብሎ መሳቢያ ውስጥ ገባ። የወጣው በ2017 ነው። ጄዝ ሳን ኋላ ላይ እንደተናገረው ደግሞ ዮሺ የሚባለው የኒንቴንዶ ገጸ ባሕርይ የሚሮጥበት ሦስት ገጽታ ያለው ጌም ለኒንቴንዶ አቅርበው አልተቀበላቸውም፤ ያ ሐሳብ አዞ ሆኖ፣ ክሮክ ተብሎ፣ በ1997 በፕሌይስቴሽንና በሴጋ ሳተርን ወጣ። በሰዎቹ መካከል ጥሩ መግባባት ነበር። አርጎናት ግን እንደ ሬር አክሲዮን አልተገዛለትም፤ ስታር ፎክስም የእሱ አይደለም። ዕውቀቱን ሰጥቶ ባዶ እጁን ወጣ ብል ብዙም አላጋነንኩም።

በስኮትላንዷ ደንዲ የነበረው ዲኤምኤ ዲዛይንም ቦዲ ሃርቨስት የሚባል ጌም ለኒንቴንዶ ጀመረ። ኪዮቶ እንቆቅልሽ ይጨመርበት፣ ታሪክ ይጨመርበት እያለች ሥራው ተጓተተ፤ በመጨረሻ ኒንቴንዶ ተወው፣ ሌሎች አሳተሙት። ዲኤምኤ በዚያው ሰሞን ጎን ለጎን የሠራውን ሌላ ጌም ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ግራንድ ቴፍት ኦቶ ይባላል።

ከቴክሳሱ ሬትሮ ስቱዲዮስ ጋር የሆነው ከዚህ ሁሉ የተለየ ነው፤ ጨካኝ ነው፣ ውጤቱ ግን የሚደነቅ ነው። በ1998 ሲቋቋም ብዙ ጌም በአንድ ጊዜ ጀምሮ ነበር። ሚያሞቶ በ2000 መጥቶ ሲያይ ከሁሉም የወደደው በተጫዋቹ ዓይን የሚታየውን አንዱን ሥራ ነው፤ ሜትሮይድ የሚባለው የኒንቴንዶ የቆየ ጌም አዲስ ክፍል አድርጉት አለ። ቀሪዎቹ ፕሮጀክቶች አንድ በአንድ ተዘጉ፤ ሰው ተባረረ። የተረፉት ከኪዮቶ ጋር በአሥራ አምስት ሰዓት ልዩነት እየተነጋገሩ፣ እንቅልፍ አጥተው ሠሩ። ሜትሮይድ ፕራይም በኅዳር 2002 ወጣ፤ በዚያው ዓመት ኒንቴንዶ ስቱዲዮውን ጠቅልሎ ገዛ። ሬርን ሸጦ ሬትሮን ገዛ ማለት ነው፤ በአንድ ዓመት ውስጥ።

ባህል ሁሉን ይፈታል ለሚሉ ማይክሮሶፍት ጥሩ ምስክር ነው። ጃፓን ውስጥ የራሱን ማሽን ኤክስቦክስን ለማስወደድ የፋይናል ፋንታሲን ፈጣሪ ሂሮኖቡ ሳካጉቺን ገንዘብ ሰጥቶ አሠራው፤ ብሉ ድራገን በ2006፣ ሎስት ኦዲሲ በ2007 ወጡ። ጌሞቹ ጃፓናዊ ነበሩ፤ ማሽኑ ግን ጃፓን ውስጥ ከሁለቱ ተፎካካሪዎቹ በብዙ ርቆ ቀረ።

ከመድረኩ በኋላ የሆነውንም እዚህ ልጨምር፤ ንግግሬን እንደጨረስኩ አንዲት ተማሪ «ታዲያ ጃፓንኛ እንማር?» ብላ ጠየቀች፤ አዳራሹ ሳቀ። እኔ ግን ጥያቄውን ወደድኩት። ስታምፐሮቹ ትዋይክሮስን ሳይለቁ ሠርተዋል። በ2017 የወጣውን የማሪዮ ጌም የሠራው፣ የፈረንሳዩ ኡቢሶፍት የሚላን ቡድንም ያሳመነው በጃፓንኛ አይደለም፤ የማሪዮን ምስል ራሱ ከባዶ ሠርቶ አሳየ፣ ሚያሞቶም በአድናቆት እንዴት እንዳደረጉት ጠየቀ። የቡድኑ መሪ ዴቪዴ ሶሊያኒ መድረክ ላይ ስሙ ሲነሳ ሲያለቅስ ብዙ ሰው አይቷል።

ግን የካትበርትና የጎዳርድ ነገር አለ። ሁለቱም ጃፓንኛ ተማሩ። ጎዳርድ ኒንቴንዶ ተቀጠረ፤ በሱፐር ማሪዮ 64 መክፈቻ ላይ የሚጎተተውን የማሪዮን ፊት የሠራው እሱ ነው። ካትበርት ወደ ሶኒ ሄዶ ተመለሰና በ2001 ኪዮቶ ውስጥ ኪው ጌምስ የሚባል የራሱን ድርጅት ከፈተ። ጎዳርድም ቪቴይ የሚባል የራሱን አቋቋመ፤ እሱም እዚያው ኪዮቶ ነው። ካትበርት በኪው ጌምስ በኩል በ2006 ስታር ፎክስ ኮማንድን ለኒንቴንዶ ሠራ፤ በልጅነቱ ሠርቶ ያልወረሰውን ጌም፣ በዚህ ጊዜ የድርጅት ባለቤት ሆኖ፣ ውሉን በራሱ ስም ፈርሞ። ለተማሪዋ የነገርኳት ይህንን ነው፤ ቋንቋውን ብትማሪ አይጎዳሽም፣ ፊርማው የማን እንደሆነ ግን ቀድመሽ እወቂ አልኳት።